ቀለም ይቅደም

ፎቶግራፍ ሲታይ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ይሄ ማነው?" ብሎ ነው፤ ቀጥሎ "የት ነው?" ይላል። ሰውየው ከታወቀና ቦታው ከተለየ ፎቶው ሥራውን ጨረሰ፤ ስልኩ ወደ ኪስ ይመለሳል። እኛ ሌላ መልስ ይዘን መጥተናል። "ምን አነሳችሁ?" ስንባል "ቀይ" እንላለን። "ጥቁር አነሳን፤ ያገኘነው ባና ላይ ነው" እንላለን። "ሰማያዊ ነው፤ በጠዋት ተልባ ማሳ ላይ ደርሰንበት" እንላለን። ከዛሬ ጀምሮ የፎቶግራፋችን ባለጉዳይ ቀለም ነው። ሰው፣ ቤት፣ ተራራና በግ ምስክር ሆነው ይቆሙለታል።

ርዕሳችን አንድ የቆየ መፈክር፣ የደርግን "ኢትዮጵያ ትቅደም"፣ እንደሚያስታውስ አልጠፋብንም። በዚያኛው "ትቅደም" ብዙ ሰው ከነሕይወቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። የእኛው ማንንም ከወረፋ አያስወጣም።

የምንነሳው ከሰሜን ሸዋ ደጋ ነው፤ ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐቤቴ። ይህን ስንናገር የሚስቁብን አሉ። "መንዝ ደግሞ ምን ቀለም አለውና? ብርድ፣ ድንጋይ፣ ጉም!" ይሉናል። ቀለም የሚፈልግ ሰው ሐረር ጀጎል ይሂድ፣ ዳሎል ይውረድ፣ ኦሞ ይሻገር ይባላል። እንግዲህ ክርክራችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቀለም በሞላበት አገር ማንም ቀለም ያነሳል፤ ካሜራውን ወደ ፈለገበት ቢያዞረው ባዶ እጁን አይመለስም። ቀለም በሚቆጠርበት አገር ግን ማየት ግድ ነው። የመንዝ ክፍሎች፣ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር፣ ለዓይን የሚሰጡት በጥቂቱ ነው፤ የሰጡትን ያላየ ደግሞ ምንም እንዳልተሰጠው ሆኖ ይሄዳል።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። ባለቀለም ፎቶግራፍና የቀለም ፎቶግራፍ አንድ አይደሉም። ዛሬ ስልክ ሁሉ ባለቀለም ያነሳል። የሠርግ ፎቶ ውሰዱ፤ ሙሽራዋ ነጭ፣ ሚዜዎቹ ሐምራዊ፣ መኪናው ላይ ቀይ አበባ። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ብትለውጡት ሙሽራዋ አትጠፋም፣ ሠርጉም አይቀርም። ቀለሙ ለድምቀት የተጠራ ነበር፤ ሲሄድ ያጎደለው የለም። የእኛ ፎቶ ግን ቀለሙ ሲወጣለት የሚናገረው ሊያጣ ይገባዋል። መመዘኛችን ይኸው ነው፤ በዚህ የወደቀ ፎቶ የቱንም ያህል ቢያምር የእኛ አይደለም።

ሐሳቡ እንግዳ የሚመስለው ታሪኩ ስለተረሳ ነው። በዓለም የመጀመሪያው ባለቀለም ፎቶግራፍ ተብሎ የሚነገርለት ምስል ንጉሥ ወይም ውብ ሴት ወይም ተራራ አላሳየም። ያሳየው ጥብጣብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 የስኮትላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ለንደን ላይ ስለ ቀለም ንግግር ሲያደርግ፣ ቶማስ ሰተን ያነሳለትን ባለ ብዙ ቀለም የስኮትላንድ ጥብጣብ ይዞ ቀረበ። ጥብጣቡ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ማጣሪያ እየተለያየ ተነሳ፤ ምስሎቹ በየማጣሪያቸው ብርሃን በርቶባቸው አንዱ በሌላው ላይ ሲያርፉ ቀለሙ ተመለሰ። ከሁሉ የሚያስደንቀን ደግሞ ይህ ነው፦ የዚያን ዘመን ኬሚካል ቀይን አያይም ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ የኮዳክ ተመራማሪዎች ጉዳዩን ሲፈትሹ፣ ኬሚካሉ የያዘው ቀዩ ጨርቅ የሚያንጸባርቀውን፣ የሰው ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ሆኖ ተገኘ። ቀዩ በማያውቁት በር ገብቶ ቦታውን ያዘ ማለት ነው። ቀለም ፎቶግራፍ ቤት ሲገባ ባለቤት ሆኖ ነው የገባው። ሎሌ ያደረጉት በኋላ የመጡት ናቸው።

እነሱም ትንሽ ሰዎች አልነበሩም። ታላቁ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ዎከር ኢቫንስ በ1960ዎቹ መጨረሻ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ቀለምን ብልግና አድርጎ ጽፎበታል። ያው ኢቫንስ በ1973 የፖላሮይድ ካሜራ ጨብጦ በስተርጅና ባለቀለም ያነሳ ገባ፤ እኛም ይቅር ብለነዋል። ኧርነስት ሃስ በ1962፣ ዊሊያም ኤግልስተን በ1976 ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ባለቀለም ሥራቸውን አሳዩ። የኤግልስተን ትርኢት በተከፈተ ጊዜ የኒውዮርክ ታይምስ ሐያሲ ተራ ነገር ነው ብሎ አጣጣለው። ከኤግልስተን ፎቶዎች ሁሉ ለእኛ የሚቀርበን በ1973 ሚሲሲፒ ውስጥ ያነሳው ቀይ ጣሪያ ነው። ሰው የለበትም። አንድ ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል፣ ነጫጭ የኤሌክትሪክ ገመዶች፣ የቀረው ደም የመሰለ ቀይ ቀለም። ያ ክፍል የማን እንደሆነ ሳንጠይቅ ቀዩ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳናል። እንደዚያ ያለ ፎቶ ከመንዟ ሞላሌ ለምን አይወጣም?

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ፎቶግራፍ የሚያነሱ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮች አስከትለው ነበር፤ አገሩ ለዓለም የታየው በግራጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሙያውን ወረሱ። ሥራቸው ትልቅ ነው፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ የካባው ወርቅ፣ የለምዱ ቀይ፣ የጥላው ሐር፣ ሁሉም ግራጫ ሆኖ ደረሰን። ዛሬ ያለ ወጣት የአያቶቹን ዘመን በሐሳቡ ሲስል ቀለም አልባ አድርጎ ነው፤ ሰዎቹም ግራጫ ሰማይ ሥር ግራጫ እንጀራ ሲበሉ የኖሩ ይመስለዋል። የእኛ ልጆች ስለ እኛ እንደዚያ እንዲያስቡ አንፈቅድም።

አሁን ወደ ባናው።

መንዝ በበግ ይታወቃል፤ የበጉ ጠጉር ተሸልቶ፣ ተነድፎ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ ባና ይሆናል፤ ከጥቁሩ በርኖስ ይሠራል። ከሩቅ ያየ ሰው "ጥቁር ነው" ብሎ ያልፋል። ቀረብ በሉ። ቤት ደጃፍ ላይ ጥላ ውስጥ ተሰቅሎ ከሆነ ባናው ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፤ ጥላን የሚያበራው ሰማዩ ስለሆነ። እዚያው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ስታሰጡት ግን ቡናማው ይወጣል፤ በጉ ሜዳ ላይ በዋለበት ዘመን የጠጉሩን ጫፍ ፀሐይ አቃጥሎታልና ጫፉ የዛገ ብረት መስሏል። ከውስጡ ደግሞ ነጫጭ ጭራዎች ይታያሉ፣ ከሌላ በግ የተቀላቀሉ። ሁለቱ ክፋይ የተሰፋበት መስመር ላይ አንዱ ወገን ከሌላው ይጠቁራል፤ ጠጉሩ ካንድ በግ አልመጣምና። እንግዲህ ይህ ሁሉ "ጥቁር" ተብሎ ተጠቃሏል። አንድ የእኛ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ጥቁር ባና ብቻ ቢያነሳ ሥራ ፈት አንለውም።

ጣሪያም እንደዚሁ ነው። የጓሳ ሣር የታጨደ ሰሞን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ነው፤ ሲደርቅ ወርቅማ ይሆናል፤ ክረምት ሲመላለስበት ግራጫ፣ ጭስ የጠገበው ውስጡ ደግሞ ቅባት የተቀባ ጥቁር። አንድ መንደር ቆማችሁ የቤቶቹን ጣሪያ በቀለማቸው ብቻ በተርታ ብታነሱ ማን አምና እንደከደነ፣ ማን ካሥር ዓመት በፊት እንደከደነ፣ ማን አቅም እንዳጣ ታውቃላችሁ። መካከላቸው የቆመው ቆርቆሮ ሲዛግ የሚያወጣው ብርቱካናማ ከሁሉ ይጮኻል። እሱም ይነሳ። እኛ ቆርቆሮን አንጠላም።

የጓሳን ነገር ትንሽ እንቆይበት። የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከባህር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ውርጭ አገር ነው። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንስቶ እንደኖረ የሚነገርለት የቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ ያቆየው ነበር፤ ከጊዜው በፊት ያጨደ ወይም ያሰማራ ይቀጣል። ጊዜው ሲደርስ ሁሉም ገብቶ ለጣሪያ፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከለያ ጌሳ ያጭዳል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ነዋሪው ግን ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ይህን ያነሳነው ለታሪክ አይደለም። በበጋ ሜዳውን የሚሞላው ያ ወርቅማ ቀለም ሳይነካ ቆሞ ሲደርቅ ብቻ የሚገኝ ነው፤ በየዓመቱ የሚታጨድና የሚጋጥ ሣር ያንን ቀለም አያወጣም። ስለዚህ ያ ቢጫ የሕግ ቀለም ነው። ሰዎች እጃቸውን ስለሰበሰቡ የተገኘ ነው። ፎቶው ላይ አንድም ሰው ሳይኖር የአንድ ሕዝብ ዳኝነት ሊነሳ ይችላል።

በዚያ ወርቅ ውስጥ ነው ቀዩ የሚንቀሳቀሰው። ቀይ ቀበሮ አለ፤ በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጥ የቀረ፣ ቀይ ጀርባና ነጭ ጉሮሮ ያለው። ጭላዳ አለ፤ ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለበት ቀይ ቆዳ። ይህ ቀይ ጌጥ አይደለም። በሰሜን ተራሮች በጭላዳዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ሴቶቹን የያዘው አውራ ከሌላው ወንድ ይልቅ ደረቱ እንደሚቀላ አሳይቷል። የሴቷም ደረት እንደ ወሊድ ዑደቷ ይለዋወጣል። ጭላዳ የጭላዳን ማዕረግ የሚያነበው በቀለም ነው። እኛ ደግሞ በየአልበሙ የጭላዳ ፊት፣ የጭላዳ ጥርስ፣ የጭላዳ ጎፈር ሞልተን ደረቱን ቆርጠን እንጥላለን! እስቲ ደረቱ ብቻ ይነሳ፤ አንዱን ቀይ ከሌላው ቀይ ጎን እንስቀለውና እንደ ጭላዳ እንየው።

አሽንዳም አለ። ዘንጉ ላይ ያለው አበባ ከታች ወደ ላይ ይፈካል፤ የተከፈተው ቢጫ ሆኖ ያልተከፈተው እምቡጥ ብርቱካናማ ቀይ እንደሆነ የሚቆይ አለ። በአንድ ዘንግ ላይ ጊዜ በቀለም ተጽፏል። ተልባን ግን ያረፈደ አያገኘውም። አበባው በማለዳ ይከፈታል፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ሰማያዊው መልኩ ይረግፋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሐይቅ የመሰለው ማሳ ስድስት ሰዓት ላይ ተራ አረንጓዴ ነው። ቀለም ቀጠሮ እንዳለው ለማያምን ተልባ ማሳ ዳር እናቁመው። ወደ መርሐቤቴ ሲወረድ፣ ወደ ጀማ ሸለቆ፣ ጨዋታው ይለወጣል፤ የማሽላው ቀይ፣ የቆላው አፈር፣ የገደሉ ሽንቁር። እሱ የራሱ ማኒፌስቶ ይገባዋል፤ የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ልጆች ይጻፉት።

ጉምን ስንጠላ ኖረናል። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ይከታል። እኛ ያን ጊዜ እናወጣለን። ጉም ሩቁን ሁሉ አንጥቶ የቅርቡን ቀለም ብቻ ይተዋል፤ አንዲት ቀይ ጃንጥላ ብትመጣ አገሩን በሙሉ ትይዛለች።

ጠላቶቻችንን እንናገር። የመጀመሪያው ስልክ ላይ ያለው ማድመቂያ ነው። ሣሩ እስኪመርዝ አረንጓዴ፣ ሰማዩ እስኪያም ሰማያዊ የሚያደርገው። ብዙ ሰው የቀለም ፎቶ ስንል ያንን ያስባል። ቀለምን ማስጮህ ቀለምን ማክበር አይደለም፤ ለመንዝ ደግሞ ስድብ ነው። የዚህ ደጋ ቀለም ዝቅ ባለ ድምፅ የሚናገር ነው፤ እሱን ማስጮህ ያሰበውን ሳይናገር የሚውለውን የመንዝ ሽማግሌ በግድ አስጨፍሮ ባህል አሳየሁ እንደማለት ነው። ሁለተኛው ፊት የሚያቀላው ማጣሪያ ነው፤ ጠይሟን ቀይ ዳማ፣ ቀይ ዳማውን ነጭ የሚያደርግ። ይህ በሽታ ከስልክ አልጀመረም። የኮዳክ ፊልም ቀለም ለረጅም ዘመን የሚስተካከለው "ሸርሊ" በሚባል፣ የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነበር። የኩባንያው ባለሙያዎች በኋላ እንደተናገሩት፣ ፊልሙ ጥቁር ቡናማን አልለይ ማለቱ እንዲሻሻል ጫና ያደረጉት የቸኮሌትና የቤት ዕቃ ማስታወቂያ ሰዎች ናቸው። የጠረጴዛ እንጨት ቅሬታ ከሰው ቆዳ ቀድሞ ተሰማ። ስለዚህ ጠይም፣ ብስል ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ ዳማ እያንዳንዱ በራሱ መልክ እንዲወጣ መድከም የእንቅስቃሴያችን የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ጥቁር በርኖስ የለበሰ ጥቁር ሰው ሁለቱም ጥቁሮች ሳይዋዋጡ ካልወጡ ፎቶው ይደገም።

ሦስተኛው ጠላት ከባድ ነው። በዚህ አገር ቀለም ነፃ ሆኖ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ለአንድ ነገር ተመልምሏል። ሦስት ቀለም ጎን ለጎን ከተገኘ ሰንደቅ ዓላማ ነው፤ ምን ኮከብ አለበት፣ የለበትም ተብሎ ሰው ይደባደባል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ወንድም ወንድሙን ሲገድል ለግድያው እንኳ የቀለም ስም አወጣንለት፤ ቀይ ሽብር፣ ነጭ ሽብር። ከዚያ ወዲህ ቀይን ያለ ጥርጣሬ ያየ ትውልድ አለ ወይ? የእኛ ቀይ የማንም ወገን አይደለም። የአሽንዳ ነው፣ የጭላዳ ደረት ነው፣ የገበያ በርበሬ ነው። ይህን ስንል ፖለቲካ ሸሻችሁ የሚለን ይኖራል። ቀለምን ከምልመላ ከማውጣት በላይ ምን ፖለቲካ አለ?

የዘር ሐረጋችን አጭር አይደለም። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1932 የተወለደው እዚሁ ሸዋ፣ አንኮበር ነው። በአፍሪካ አዳራሽ የሠራው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ብርሃን ካላለፈበት ጨለማ ነው፤ ብርሃኑም ያለ መስታወቱ ቀለም አልባ ነው። ፎቶግራፍ አንሺ ከሱ የሚማረው ይህን ነው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ "ጎልጎታ" በተባለው ሥዕሉ ስቅለቱን ለቀይ አስረከበው፤ ተመልካች ከመስቀሉ በፊት ቀዩን ያያል። ሚካኤል ፀጋዬ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም ለጤናው አልስማማ ቢለው ካሜራ አነሳ። ቀለም በአንድ በር ቢያስወጣው በሌላ በር አስገባው። ግርማ በርታ በስልኩ የአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሊስትሮውን፣ ተሸካሚውን፣ ጋሪ ገፊውን ከነጥላቸው አንስቶ መንገዱን በሙሉ አጥፍቶ በአንድ ድፍን ቀለም ላይ አቆማቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ሽልማት አገኘበት። ሰዎቹ ከግርግሩ ወጥተው በቀለም ፊት ሲቆሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ።

ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ለብቻዋ ትነሳ። አዲስ አበባ ተወልዳ፣ በውጭ አድጋ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ የተመለሰች፣ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተች። ዋተርኤይድ የተባለው ድርጅት ስለ ውኃ ችግር ሥራ ሲያዛት ደረቅ ጉሮሮና የዝንብ መንጋ አላሳየችም። ዳሎል ወርዳ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ለብሰው ፊታቸው የተቀባ ሴቶችን በጨው ሜዳ ላይ አቆመች፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2019 ለንደን ሶመርሴት ሃውስ ታየ። ከእሷ የምንለይበት አለን። እሷ ቀለሙን ቀብታ፣ አልብሳ፣ አዘጋጅታ ታመጣለች፤ እኛ የተገኘውን እንጠብቃለን። ልዩነቱ የቤተሰብ ልዩነት ነው።

የአይዳ ሥራ ለከባዱ ወቀሳም መልስ ይሰጣል። "ሰው እየተራበ፣ እየተፈናቀለ እናንተ ቀለም ታነሳላችሁ?" የሚለን አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሰሜን ሸዋ ዘልቋል፤ ከዚያም በኋላ ይህ ደጋ ሰላም ውሎ አላደረም። የዜና ፎቶ አንሺው ሥራውን ይሥራ፤ አንከለክለውም፣ ቦታውንም አንሻማውም። ነገር ግን ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወዲህ ዓለም ለእኛ አንድ ቀለም መርጦልናል፤ አቧራ። አቧራ የመሰለ ልብስ፣ አቧራ የመሰለ ፊት፣ አቧራ የመሰለ ሕፃን። የሰው መከራ እውነት ሆኖ ቀለሙ ግን ተመርጦ የተነሳ ነው። የእኛ ሰው በኀዘኑ ቀን እንኳ ቀለሙን አይጥልም፤ ቦታውን ይለውጠዋል እንጂ። ለቅሶ የምትሄድ ሴት ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷ ታወጣዋለች፤ ደርዘን ለቀስተኛ ተቀምጦ ከኋላ ስታዩ በነጭ ላይ የወጣው ያ የጥለት መስመር ለቅሶውን ይናገራል። ሬሳ ሳናነሳ፣ የሚያለቅስ ፊት ላይ ሳንጋፋ፣ በዚያ መስመር ብቻ ኀዘን ማሳየት እንችላለን። ይህን ቸልተኝነት ነው የሚል ካለ እንከራከር።

አሠራራችንን በአጭሩ እንናገር፤ ሙያ የሌለው መፈክር ያሳፍራል። ካሜራ ለራሱ ሲተው ሁሉን ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል፤ ጥቁሩን ባና ያነጣዋል፣ ነጩን ነጠላ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ለጥቁር ብርሃኑን ቀንሱ፣ ለነጭ ጨምሩ። ደማቅ ቀይ በዲጂታል ካሜራ ቶሎ ይቃጠላል፤ ዝርዝሩ ጠፍቶ የቀለም እድፍ ይሆናል፤ አሽንዳና የጭላዳ ደረት ላይ ብርሃን መቀነስ ግድ ነው። የነጭ ማስተካከያውን ለካሜራው አትተዉለት፤ ጥላ ውስጥ ያለውን ሰማያዊ "ስህተት" ብሎ ያርመዋል፣ እኛ ደግሞ የመጣነው ለዚያው ሰማያዊ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ቀለምን አጥቦ ይወስዳል፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊትና ከአሥር ሰዓት በኋላ ሥሩ። ጉም ወይም ደመና ካለ ቀኑን ሙሉ የእናንተ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር አረንጓዴው ወደ ወርቅ ሲዞር እዩ፤ ሽግግሩ ከሁለቱም ይበልጣል። ቅረቡ። ከዚያም ደግማችሁ ቅረቡ።

ቢጫ ጀሪካን፣ ሰማያዊ ሸራ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ የባጃጅ ጎን፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሲያጋጥማችሁ "ባህላዊ አይደለም" ብላችሁ ካሜራ አታዙሩ። ምንጭ ዳር በተርታ የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን የዚህ ዘመን የመንዝ ቀለም ነው። ባህል ብቻ የሚያነሳ ሰው ቱሪስት ነው፤ አገሩ ተወልዶ ቱሪስት የሆነም ሞልቷል።

ቀለም አገኘሁ ተብሎ ሰው አይዘረፍም። "እማማ፣ ባናዎን ላንሳው?" ብሎ መጠየቅ፣ "አያ፣ ከጣሪያዎ ሥር ልቁም?" ማለት ግድ ነው። እምቢ ካሉ እምቢ ነው። እሺ ካሉ ፎቶውን መልሶ ማሳየት የእኛ ዕዳ ነው፤ "እኔን ሳታነሳ ምን አነሳህ?" ብለው ሲስቁ ደግሞ ቁጭ ብሎ ማስረዳት። ከሐያሲ ሁሉ የከበደው ፈታኝ እሳቸው ናቸው። የበግ ገበያ ላይ ዳለቻውን ከወሰራው፣ ገብስማውን ዶሮ ከኩሎው በሩቅ የሚለዩ፣ በግ የሚመርጡት በቀለሙ የሆኑ ሰዎች የቀለም ፎቶ አይገባቸውም ብሎ የሚያስብ ካለ የእኛ አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ትርኢት አዲስ አበባ አናደርገውም። መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ገበያ ቀን፣ በግንብ ላይ ወይም በገመድ ላይ ይሰቀላል። ከፎቶው ሥር የሰው ስም አይጻፍም፤ ቀለሙ፣ ቦታውና ሰዓቱ ብቻ።

እናንተ ሞላሌ፣ ራቤል፣ ዓለም ከተማ፣ ደብረ ብርሃን ያላችሁ ልጆች፣ ስልክ ያላችሁ ሁሉ፦ ማድመቂያውን አጥፉት። ለአንድ ሳምንት አንድ ቀለም ምረጡና ሌላ ምንም አታንሱ። አረንጓዴ አትምረጡ፤ ቀላል ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ምረጡ። ሳምንቱ ሲያልቅ ካነሳችሁት ሁሉ አንዱን ብቻ አሳትማችሁ መሐል ሜዳ አምጡልን።